«የታሰረ ነገር በራፌ ላይ አላይም» ያሉት ደምበኛ

ስራዬ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው፣ መጋረጃ፣ ትልልቅ ስዕል፣ የግድግዳ ጨርቅ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ። ዲዛይነሮቹ ይሸጣሉ እኛ መሰላልና ድሪል ይዘን እንሄዳለን፣ ባለቤቱ ደስ ካለው ዲዛይነሯ ጎበዝ ናት፣ ካልተደሰተ ሰቃዩ ነው ያበላሸው። ይሄን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ይሄኛው ቤት የሀበሻ ቤት ነው። ሲገቡ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ጣሪያ ድረስ ክፍት የሆነው አይነት፣ ወለሉ እብነ በረድ፣ ድምፅ ሄዶ ሄዶ የሚመለስበት። ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) ዲዛይነር የጠሩት ራሱ በዚህ ምክንያት ነው፣ «እትዬህ ኩሽና ሆና አንዴ ስትቆጣኝ እኔ ሶስቴ ነው የምሰማው» አሉኝ። እሷም የሸጠችላቸው ያንን በአጥር ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ፣ ዩኒኮርን የሚሉት ያለበትን የታወቀ የድሮ የአውሮፓ የግድግዳ ጨርቅ ነው፣ ጃካርድ በሚባለው ስዕል በሚሸምን ማሽን የተሰራ ኮፒ። ለድምፁ እንኳን ጥሩ ሀሳብ ነው አልዋሽም፣ ወፍራም ጨርቅ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ተደርጎ ከተሰቀለ ድምፁን ይቀንሳል። የድሮዎቹ የአውሮፓ መኳንንትም ለጌጥ ብቻ አልነበረም የሚሰቅሉት፣ የድንጋይ ግንብ ይበርዳል፣ ደግሞ ጠቅልለው ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ይዘውት ይሄዳሉ፣ የሀብት ማሳያም ነው፣ የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ ሲሞት ከ2,000 በላይ ነበረው።

ከዲዛይነሯ ጋር የተጋጨነው ግን ገና ሳንጀምር ነው። ትልቁ መስኮት ፊት ለፊት ይሰቀል አለች፣ ለምን? ፎቶው ያምራል። ፀሀይ ይበላዋል አልኳት። የድሮዎቹን ብታዩ ሳሩና ቅጠሉ ሰማያዊ መስሏል፣ አረንጓዴውን የሚያወጡት ሰማያዊና ቢጫ ደራርበው ስለነበር ቢጫው በብርሃን ለቀቀና ሰማያዊው ቀረ። «ይሄ እኮ ኮፒ ነው» አለችኝ። እሺ፣ ስክሩ የኔ ግድግዳው የሰው፣ ዝም።

ከግድግዳው ጀርባ ያሉትን ምሰሶዎች (ስተዶቹን) አግኝተን ጣውላውን አስረን፣ ቬልክሮውን (ተጣባቂውን ጨርቅ) ለጥፈን የላይኛውን ጠርዝ ግማሽ እንዳደረስን ጋሼ ሲኒያቸውን ይዘው መጡና ቀና ብለው ቆሙ።

«ቆይ ቆይ አንተ ልጅ። ይሄ ታስሯል እንዴ?»
«አዎ ጋሼ፣ ዛፉ ላይ በሰንሰለት ነው።»
«ደሙስ?»
«ደም አይደለም፣ የሮማን ጭማቂ ነው፣ ዛፉ ላይ ያለው ሮማን ነው እየፈሰሰበት ያለው ይላሉ።»
«ማን ነው እንደዛ የሚለው?»
«ኦሪጂናሉ ያለበት ሙዚየም።»
«አስሮት ታዲያ ምን ሊል ኖሯል?»

ረዳቴ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አውርደው ልጄ። እኔ በደርግ ጊዜ ታስሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ቤቴ በገባሁ ቁጥር የታሰረ ነገር በራፌ ላይ አላይም።»

እኔ መሰላል ላይ ነኝ፣ ጨርቁ ግማሹ ትከሻዬ ላይ ነው፣ ታች ደግሞ ዲዛይነሯ በእንግሊዝኛ ምን አለ ምን አለ ትላለች፣ ቀለሙ ነው ወይ ያልወደደው? ቀለሙ አይደለም አልኳት። የፍቅር ምልክት ነው በለው አለች። እንግዲህ አስተርጓሚም ሆንኩ በዛው ሂሳብ። ጋሼ፣ በፍቅር የተያዘ ሙሽራ፣ ባል ማለት ነው ይላሉ አልኳቸው።
«ባል ከሆነማ ሰንሰለቱ ገባኝ።»

ይሄኔ እትዬ ከኩሽና ወጡ፣ ሶስቴ ሰምተው መሰለኝ። ሲያዩት «ዳዊት ላይ ያለው አንድ ቀንድ ያለው አይደል እንዴ?» አሉ። ኦሪጂናሉ በተሸመነበት ዘመን የነበሩ ሰዎችም ክርስቶስን ይመስሉበት እንደነበር ስነግራቸው በቃ፣ አበቃ፣ ለሳቸው ተፈቅዷል። «እናቴ ቤትም እኮ ሚዳቋ ያለበት የግድግዳ ምንጣፍ ነበር፣ ይሄ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የተወደደው?» ብለው ወደ ዋጋው ገቡ። ዋጋውን እኔ አላወጣሁትም፣ ግን ይሄ የማሽን ነው እትዬ፣ በእጅ ቢሆንማ ስኮትላንድ ስተርሊንግ የሚባለው ግንብ ውስጥ የሚሰቀሉትን የዚሁ ተከታታይ ጨርቅ ኮፒዎች ሸማኔዎች ከ10 ዓመት በላይ ነው የፈጀባቸው አልኩ።

ጋሼ አሁንም አልተዋጠላቸውም። ኦሪጂናሉስ የማን ነው አሉ። ኒው ዮርክ ክሎይስተርስ የሚባለው ሙዚየም ነው ያለው፣ ሀብታሙ ሮክፌለር ነው እ.ኤ.አ. በ1937 የሰጠው፣ እሱም መጀመሪያ መኖሪያ ቤቱ ነበር የሰቀለው። ከዛ በፊት በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከባለቤቶቹ ቤት ተዘርፎ ገበሬዎች አትክልታቸውን ከብርድ ሸፍነውበት ነበር ይባላል። «አብዮት የትም አንድ ነው» አሉና አንዴ ፉት አሉ። «የኛስ የለም?» የኛም አለ፣ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄደ የሐር የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ ስል እትዬ ጮሁብኝ፣ «መንጦላዕት ሳሎን ላይ ማን ይሰቅላል! አንተ ደግሞ!»

ክንዴ እየደነዘዘ ነው። በመጨረሻ ጋሼ አጥሩን ይዩት አልኳቸው። አጭር ነው፣ እንስሳው ቢዘል ያልፈዋል፣ ሰንሰለቱም የጠበቀ አይደለም፣ መሄድ ቢፈልግ ይችል ነበር ነው የሚሉት። መነፅራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ቆዩ። ዲዛይነሯ አንድ ነገር ልትል ስትል በእጃቸው አስቆሟት።

«ታዲያ ለምን አይሄድም?»

እኔ መልስ አልነበረኝም፣ ሙዚየሙም ይሄን ሲመልስ አላየሁም። ራሳቸው መለሱት፦
«የቤት ብድር፣ ሞርጌጅ ይኖርበታል።»

ሳቃቸው እስከ ላይኛው ፎቅ ሄዶ ተመለሰ፣ ስቀለው ስቀለው አሉ፣ ግን መስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎኑ ላይ ይሁን፣ እትዬ ፀሀይ ይበላዋል ብለዋል። እትዬ ብለዋል እንግዲህ። እኔ ስለው ግን ኮፒ ነው።

ማታ ከዲዛይነሯ ቴክስት መጣልኝ። ከደምበኛ ጋር እሷ በማትሰማው ቋንቋ ማውራት ፕሮፌሽናል አይደለም፣ ከዚህ በኋላ ስራህ መስቀል ብቻ ይሁን። ጋሼ ያን ቀን ቢያወርዱት ኮሚሽኗ አብሮ ይወርድ እንደነበር አልመለስኩላትም። ረዳቴ ግን ቁም ነገሩን ይዟል፣ የመጨረሻው ጫፍ ሳይለጠፍ ስለ ስዕሉ ምንም አይወራም ይላል አሁን፣ ደምበኛ ሲጠይቀው «እኔ አማርኛ አልችልም» እያለ።

እሷ ከዛ ወዲህ ያንኑ ኮፒ ለሌሎችም ሸጣለች። ባለፈው ለምለካው ቤት የላከችልኝ ፕሮፖዛል ላይ ሁለት መስመር መግለጫ አይቻለሁ፣ አጥሩ ዝቅተኛ ነው፣ እንስሳው የሚቀመጠው በገዛ ፈቃዱ ነው ይላል። ሞርጌጁን አላስገባችውም።