ካሜራውን መቼ ልልቀቀው? የስካነሩ አፕ የደረሰበት

ሰላም ልጆች! የባርኮድ ስካነሩ እየሄደ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ በስልኩ እንዲመዘግብበት ነው። ባርኮድ ማንበቡ ቀላል ነበር። ጊዜ የበላኝ ካሜራው መቼ ይከፈት፣ መቼስ ይለቀቅ የሚለው ነው።

ካሜራውን ለመልቀቅ ኦንዲስትሮይ (የአፑ ገጽ ሲፈርስ አንድሮይድ የሚጠራው ኮድ) ላይ አትተማመኑ። አንድሮይድ ሜሞሪ ሲያጥረው ፕሮሰሱን (እየሠራ ያለውን አፕ) እንዳለ ይገድለዋል፤ ያኔ ኦንዲስትሮይ ላይጠራ ይችላል።

የድሮ ትምህርቶች ካሜራውን ኦንሪዙም (ገጹ ከተጠቃሚው ጋር መሥራት ሲጀምር የሚጠራው) ላይ ክፈቱ፣ ኦንፖዝ (ገጹ ትኩረት ሲያጣ የሚጠራው) ላይ ልቀቁ ይላሉ። አንድ አፕ ብቻ ስክሪኑን ሲይዝ ያስኬዳል። ግን ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ስክሪን ለሁለት ይከፈላል። ልጁ ከላይ ስካነሩን፣ ከታች ቴሌግራም ከፍቶ የደንበኛ ትእዛዝ እያየ ይሠራል እንበል፣ ቴሌግራሙን በነካ ቁጥር የኔ አፕ ቁልጭ ብሎ እየታየ ፖዝ ይሆናል፣ ምስሉም ይጠፋል። አቦ፣ ይሄ ለነጋዴ አይሆንም! አንድሮይድ 10 ላይ ደግሞ የሚታዩት ሁለቱም ሪዙም ላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሪዙም ላይ መሆን ብቻውን ካሜራው የኔ ነው ማለት አይደለም፤ ሌላው አፕ ሊነጥቀኝ ይችላል፣ ኮዱም ሲነጠቅ እንዳይወድቅ መዘጋጀት አለበት።

እኔ ካሜራኤክስን (ጎግል ለካሜራ ሥራ ያዘጋጀው ላይብረሪ) መረጥኩ። ከአክቲቪቲው (የአፑ ገጽ) ላይፍሳይክል፣ ማለትም ከመፈጠር እስከ መፍረስ ካለው ሂደት ጋር ካሰራችሁት ኦንስታርት (ገጹ መታየት ሲጀምር) ላይ ራሱ ይከፍታል፣ ኦንስቶፕ (ገጹ ጨርሶ ከዓይን ሲጠፋ) ላይ ራሱ ይዘጋል። በእጅ ከመጻፍ መቶ እጅ ይሻላል።

ሴንሰሩን ግን አይነካላችሁም። መጋዘኑ ጨለማ ስለሆነ ስልኩ ሲነቀነቅ መብራት እንዲበራ አክስለሮሜትር (እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር) ጨምሬያለሁ፣ ይሄን ኦንሪዙም ላይ መመዝገብ፣ ኦንፖዝ ላይ መሰረዝ የናንተ ሥራ ነው። ስክሪን ስለጠፋ ሲስተሙ ሴንሰሩን አያጠፋላችሁም፣ ባትሪ መብላቱን ይቀጥላል። ድሬ ላይ ደግሞ ስልክ ሲግል ሁላችንም ፀሐዩ ነው ብለን ስለምናልፈው ማንም አይጠረጥርም።

ስልኩ ሲዞር አክቲቪቲው ፈርሶ እንደገና ይሠራል። የተነበበው ዝርዝር ቪውሞዴል (ስልኩ ሲዞር የማይጠፋ የመረጃ ማስቀመጫ) ውስጥ ይቀመጥ፣ ካሜራውን ግን እዛ አታስገቡ።

አሁን የቀረኝ ሙከራ ነው። ዴቨሎፐር ኦፕሽን (ስልኩ ላይ ያለ የአፕ ሠሪዎች ሴቲንግ) ውስጥ ተጠቃሚው ሲወጣ አክቲቪቲ ወዲያው እንዲፈርስ የሚያደርግ ማብሪያ አለ፣ እሱን አብርቼ ስካን መሀል ስልክ እያስደወልኩ፣ ስክሪን እየከፈልኩ ላየው ነው። አሮጌ ስልክ ያላችሁ ካላችሁ ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) ልላክላችሁ፣ እናንተም ሞክሩት።