ሞተሩ ተገኘ፣ ካምቢዮውስ?

የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሼቭሮሌት ካማሮ ላይ የኤልኤስ ሞተር (የጂኤምን አዲስ ትውልድ ቪ8) ልትገጥሙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ብራችሁን ሁሉ ሞተሩ ላይ አትጨርሱት። ጉልበቱን ጎማው ላይ የሚያደርሰው ካምቢዮው ነው።

መጀመሪያ የኋላውን ዲፈረንሻል እዩ። ሬሾው 3.73 ከሆነና (ማዞሪያው ዘንግ 3.73 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው) እንደ ቲኤች350፣ ማለትም እንደ ድሮው ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ፣ የመጨረሻ ማርሹ 1 ለ 1 የሆነ ካምቢዮ ከገጠማችሁ፣ ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ ሲጮህ ይውላል። 700አር4 የሚባለው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ግን አራተኛ ማርሹ 0.70 ስለሆነ ያው ዲፈረንሻል 2.61 የሆነ ያህል ነው፣ አንደኛው ደግሞ 3.06 ስለሆነ መኪናዋ ከቆመችበት ተፈናጥራ ትነሳለች። ለመንገድ መኪና እኔ ይሄንን ነው የምመርጠው። ብቻ ከስሮትሉ (ነዳጅ ስትረግጡ ከሚከፈተው የሞተሩ የአየር በር) የሚመጣው ኬብል በትክክል ካልተስተካከለ የዘይት ግፊቱ ይወርድና ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይቃጠላሉ፤ በዚህ ቀልድ የለም! የ700አር4 ኤሌክትሮኒክ ተከታይ የሆነው 4ኤል60ኢ ከዚህ ኬብል ይገላግላችኋል፣ ግን ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። የአብዛኞቹ ኤልኤስ ሞተሮች የክራንክ የኋላ ጫፍ (ካምቢዮው የሚያያዝበት) ከድሮው የሼቭሮሌት ቪ8፣ ከስሞል ብሎክ፣ በ0.4 ኢንች ገደማ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቲኤች350 ወይም ጠንካራ ወንድሙን ቲኤች400 ስትገጥሙ ክፍተቱን የሚሞላ ስፔሰርና ለሱ የሚሆን ፍሌክስፕሌት (ክራንኩን ከኮንቨርተሩ ጋር የሚያያይዘው ሳህን) ግዴታ ነው፤ አለዚያ ቶርክ ኮንቨርተሩ (በአውቶማቲክ ካምቢዮ ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፈው) በቦታው አይቀመጥም፣ የካምቢዮው ፓምፕም ይጎዳል።

በእጅ መቀየር ለምትወዱ ቲ56 ማግነም ባለ 6 ማርሽ ነው፣ ጠንካራም ነው፣ ግን ግዙፍ ስለሆነ የወለሉን ቆርቆሮ መቁረጥ ሊመጣ ይችላል።

የኋላ ማዞሪያውን ዘንግ ርዝመት ሞተሩም ካምቢዮውም በቦታቸው ከታሰሩ በኋላ ለኩ። ቀድማችሁ አታሠሩት።