ራውተር የለም፣ ስዊች የለም፤ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ኬብል

ከዴስክቶፑ ወደ ላፕቶፑ ቪዲዮ በፍላሽ ማመላለስ ሰለቸኝ። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ የተፎረመተ ስለሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል ጭራሽ አይቀበልም። ስለዚህ ሁለቱን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ አገናኘኋቸው፤ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ክሮስኦቨር ኬብል (የመላኪያና የመቀበያ ሽቦዎቹ የተቀያየሩበት) ግዙ የሚል አሁንም አይጠፋም። አትግዙ። ጊጋቢት (በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት) የሆነ የኔትወርክ ካርድ መላኪያና መቀበያውን ራሱ ያስተካክላል፣ ተራው ኬብል ይበቃል።

ራውተር ስለሌለ አድራሻ የሚያድል የለም፤ ማሽኖቹ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሳቸው ይሰጣሉ። በሱም ይሠራል፣ እኔ ግን የማይለዋወጥ ይሻለኛል። ለዴስክቶፑ 192.168.50.1፣ ለላፕቶፑ 192.168.50.2፣ ሰብኔት ማስክ (የትኞቹ አድራሻዎች አንድ ኔትወርክ ላይ እንደሆኑ የሚለየው ቁጥር) በሁለቱም 255.255.255.0 አደረግኩ። ጌትዌዩን (ወደ ኢንተርኔት መውጫውን አድራሻ) ባዶ ተዉት፤ ከሞላችሁት ላፕቶፑ የዋይፋዩን ትቶ ኢንተርኔት በኬብሉ በኩል ሊፈልግ ይችላል። 50 ያልኩትም የቤቱ ዋይፋይ 192.168.1 ላይ ስለሆነ እንዳይጋጭ ነው።

ፒንግ አድርጋችሁ (ሌላው ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚፈትነው ትእዛዝ ነው) መልስ ካጣችሁ ኬብሉን አትርገሙ። ዊንዶውስ የማያውቀውን ኔትወርክ ፐብሊክ (የማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ) ብሎ ይይዘዋል፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚከለክለው ፋየርዎልም ፒንጉን ያግደዋል። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፉት ይባላል፤ እኔ አልስማማም፣ ፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግን መፍቀድ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ፎልደሩን ሼር አድርጋችሁ ላፕቶፑ ላይ \\192.168.50.1 ብላችሁ ትገባላችሁ። የዴስክቶፑ አካውንት ፓስወርድ ከሌለው ግን ዊንዶውስ በኔትወርክ አያስገባም፣ አንድ ስጡት።

ደስ ያለኝ ክፍል ፍጥነቱ ነው። መጀመሪያ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ላይ ተቸክሎ ቀረ። ይቺ ቁጥር ራሷ ትናገራለች፦ 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ነው፣ ማለትም ጊጋቢት ካርዶቹ ወደ 100 ወርደዋል። 100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ሽቦ ይበቃዋል፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል። የኬብሉን ጫፍ በስልኬ መብራት ሳየው፣ በሚያሳየው ፕላስቲክ ውስጥ ቡናማው ሽቦ አጥሮ ከጥርሱ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ኬብሉን የሠራው ሰው ቸኩሎ ነው መሰለኝ። ቆርጬ አዲስ ጫፍ አሰርኩበት፦ ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ወዲያው 110 ገደማ ገባ! ይህ ከኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ወደ ኤስኤስዲ ሲሆን ነው፤ ጥቃቅን ፎቶዎች በብዛት ሲሆኑ በጣም ይወርዳል።

ቀጥሎ የላፕቶፑን ዋይፋይ በዚሁ ኬብል ለዴስክቶፑ ማጋራት ነው የምሞክረው። ይሄን ስታበሩ ዊንዶውስ የላፕቶፑን የኬብል አድራሻ በራሱ ወደ 192.168.137.1 ስለሚቀይረው፣ የዴስክቶፑን መልሼ አውቶማቲክ ላይ አደርገዋለሁ። ሊኑክስ ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ ወዲህ በሉ።