የቀጠሮ ካርዱ ከሪፖርታችን በላይ ተናገረ

የምሠራው አካል ጉዳት ያለባቸው ሕጻናት ጉዳይ ላይ ነው፣ በተለይ ገና ትምህርት ቤት ያልደረሱት ላይ። ሥራችን አድቮኬሲ (ለመብት መሟገት) ይባላል እንጂ በአብዛኛው ወረቀት ነው። የፖሊሲ ወይ የመመሪያ ረቂቅ ይመጣል፣ እናነባለን፣ አስተያየት እንጽፋለን፣ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለን ስለ አንድ አንቀጽ ግማሽ ቀን እንከራከራለን። ከውጪ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው፣ ግን አንዷ ዓረፍተ ነገር ስንት ልጅ እንደምታስገባና ስንት ልጅ በር ላይ እንደምታስቀር ያየ ሰው አሰልቺ አይለውም።

አንድ ጊዜ የመጣልን ረቂቅ ስለ ቅድመ ድጋፍ ነበር፣ ማለትም ልጁ እድገቱ ላይ ችግር ሲታይ ገና በጨቅላነቱ ፊዚዮቴራፒ፣ የንግግር ሕክምና፣ ለቤተሰቡ ስልጠና ምናምን እንዲያገኝ። ረቂቁ ሲታይ ያምራል። ስክሪኒንግ (ችግር ያለበትን ልጅ በጊዜ የሚለይ ቅድመ ምርመራ) አለው፣ ሪፈራል (ወደሚመለከተው ባለሙያ መላክ) አለው፣ ስለ ባለሙያ ስልጠናም ይላል። መሃል ላይ ግን «አገልግሎቱ የጉዳቱ ዓይነት በሕክምና ማስረጃ ለተረጋገጠ ሕጻን ይሰጣል» የሚል አንቀጽ አለ። አብዛኛው ሰው አንብቦ አለፈው፣ እውነት ለመናገር ሲያነቡት ጤነኛ ነው የሚመስለው፣ ማስረጃ ይቅረብ ማለት ምን ክፋት አለው?

ክፋቱ ጊዜው ላይ ነው። ጨቅላ ልጅ ላይ የጉዳቱን ስም በእርግጠኝነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ዓመታት። ሴሬብራል ፓልሲን (በአንጎል ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴ የሚቸግርበትን ሁኔታ) ውሰዱ፣ ለብዙ ዘመን ስሙ የሚሰጠው ልጁ ከ12 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። አሁን ባለሙያው ትክክለኛዎቹን መመርመሪያዎች ከተጠቀመ ከ6 ወር በፊትም መለየት ይቻላል፣ እርግጠኛ ካልሆነ ደግሞ «ከፍተኛ ስጋት ያለበት» ብሎ መዝግቦ ድጋፉን ወዲያው እንዲጀምር ነው የሚመከረው። ለምን ቢባል አእምሮ በፍጥነት የሚያድገው በነዚህ ወራት ስለሆነ። መስማት ላይም እንደዚሁ ነው፣ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ 1፣ 3፣ 6 የሚባል መለኪያ አለ፣ በ1 ወር ስክሪኒንግ፣ በ3 ወር ምርመራ፣ በ6 ወር ድጋፍ መጀመር። ስድስት ወር! እኛ ረቂቅ ውስጥ «ማስረጃ ሲረጋገጥ» ስንል ልጁ ቋንቋ የሚይዝበትን ጊዜ እየበላን ነው።

ይሄን ሁሉ በሪፖርት አቅርበናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 26 ላይ አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ገና ከመነሻው ይጀምር እንደሚል ጠቅሰናል፣ አንቀጽ 25 ደግሞ በጊዜ መለየትንና በጊዜ መድረስን በስም እንደሚያነሳ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች የጉዳቱ ስም ገና ባይታወቅም በቂ የእድገት መዘግየት ብቻውን እንደሚያስገባ አሳይተናል። ሪፖርቱ ጥሩ ነበር፣ አሁንም እቆምለታለሁ። የመለሱልን መልስ ግን «ሐሳቡን እንቀበላለን፣ ነገር ግን በሩን ክፍት ካደረግነው ማን ይችለዋል» የሚል ነበር።

ይሄ መልስ ደግሞ ዝም ብሎ ክፋት አይደለም። በጀቱን የያዙት ሰውዬ ያሉትን ባለሙያዎች ያውቃሉ፣ ወረፋውን ያውቃሉ፣ ማስረጃ የሚለው ቃል ለሳቸው ማጥሪያ ነው። ችግሩ ማጥሪያው የሚያስቀረው ችግር የሌለበትን ልጅ ሳይሆን ወላጁ ስፔሻሊስት ጋ መድረስ ያልቻለውን ልጅ መሆኑ ነው። ገንዘብ ያለው ወረቀቱን ቶሎ ያመጣል፣ የሌለው ይቀራል፣ ከዛ «ፈላጊ የለም» ተብሎ በጀቱ ይቀነሳል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት አብራን ገባች። ቀድመን ተነጋግረናል፣ መናገር የምትፈልገውን ብቻ እንድትናገር፣ የልጇን ስምም ፎቶም እንዳታመጣ ተስማምተናል። (ቤተሰብን ለማስለቀስ መድረክ ላይ ማውጣት የሚባለውን ነገር አልወደውም፣ እናትየዋ ምስክር ነች እንጂ ማስታወቂያ አይደለችም።) ተራዋ ሲደርስ ብዙ አላወራችም። ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ የቀጠሮ ካርድ አወጣች፣ ጠርዙ ተልጦ በፕላስተር ተለጥፏል፣ አንደኛው ገጽ ሞልቶ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ መስመር ተሰምሮ ቀጥሏል።

ሰብሳቢው ትልቅ ሰው ናቸው። «እህቴ፣ እስቲ ልየው» አሉ። ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ቀን አነበቡና ልጁ መቼ እንደተወለደ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ከዛ ማንም ሳይነግራቸው እዛው ረቂቁ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ከያንዳንዱ ቀጠሮ ትይዩ የልጁን ዕድሜ ይጽፉ ጀመር። ሰባት ወር፣ «መቀመጥ አልቻለም» ብላ የሄደችበት። ዘጠኝ ወር፣ «ሲያድግ ይስተካከላል»። አንድ ዓመት ከአንድ ወር፣ ሪፈር። ከዛ ስፔሻሊስቱ የሌሉበት ቀን፣ ከዛ ማሽኑ የተበላሸበት ቀን። ሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ ወረቀቱ።

«በነዚህ ቀጠሮዎች መሃል ልጁ ምን ይደረግለት ነበር?» አሏት።

«ይመዝኑታል ጋሼ» አለች።

በጀት የያዙት ሰውዬ ካርዱን ተቀብለው እሳቸውም አዩት፣ ገለበጡት። ከዛ ከኛ ጋር አብራ የመጣች ፊዚዮቴራፒስት ቀጠለች፣ ሰባት ወር ላይ መጥቶ ቢሆን ስሙን ሳላውቅም ብዙ ነገር መጀመር እችል ነበር አለች፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ በሆዱ ሲተኛ ደረቱ ስር ምን እንደሚደረግለት፣ ሲመገብ እንዳያንቀው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እናትየዋ በየቀኑ ስታጥበውና ስታለብሰው ምን ልታሠራው እንደምትችል፣ ይሄ ሁሉ ማሽንም ስፔሻሊስትም አይጠይቅም። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ «ስንት ሰው ይመጣብናል» ሳይሆን «ይሄንን ማን ነው ማሳየት የሚችለው፣ ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ብትሰለጥን ይሆናል?» የሚል ሆነ። ውይይቱ የተቀየረው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም አሁን ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ሥራው እያወራን ነው።

አንቀጹ ተለወጠ። «የእድገት መዘግየት የታየበት ወይም ከፍተኛ ስጋት ያለበት ሕጻን የጉዳቱ ዓይነት እስኪረጋገጥ ሳይጠበቅ አገልግሎቱን ይጀምራል፣ ምርመራው ጎን ለጎን ይቀጥላል» ተባለ። ሁሉን አገኘን ማለት ግን አይደለም። ረቂቁ ውስጥ «በአጭር ጊዜ ውስጥ» የሚለው በቁጥር ይቀመጥ ብለን ተከራከርን፣ እዛው አሜሪካ ልጁ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ተገምግሞ ለልጁና ለቤተሰቡ የድጋፍ ዕቅድ የሚወጣበት ስብሰባ እስኪደረግ 45 ቀን ነው ገደቡ፣ ቁጥር ካለ ወላጅ ቆጥሮ መጠየቅ ይችላል፣ «አጭር ጊዜ»ን ግን ማን ይቆጥረዋል። እሱ ባዶ ቦታ ተትቶለት ለሚቀጥለው ዙር ተላለፈ። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋም መግቢያው ላይ እንዳለች ነች፣ እሷን ገና አልነቀልናትም።

ከዛ ወዲህ አሠራራችን ተቀይሯል። አሁን ረቂቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው እውነተኛ ቀጠሮዎችን (ስም አጥፍተን፣ ቤተሰቡን አስፈቅደን) ወስደን አንቀጾቹ ላይ ማስኬድ ነው፣ ይሄ ልጅ በዚህ መመሪያ ቢሄድ በስንት ወሩ ድጋፍ ያገኛል? ሁሌ በልጁ ዕድሜ ነው የምንቆጥረው። ለመሥሪያ ቤት ስድስት ወር የግማሽ ዓመት ሪፖርት ነው፣ ለሰባት ወር ልጅ ግን የኖረውን ዕድሜ ያህል ነው። አጠቃላይ ቁጥሩንም አንተወውም፣ ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 አካል ጉዳት ያለባቸው ሕጻናት በዓለም 240 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ገምቷል፣ ግን አገሮች ልጆችን ለመቁጠር የሚጠቀሙበት ዋናው የዳሰሳ መጠይቅ የሚጀምረው ከ2 ዓመት ነው፣ ስለዚህ በጣም የምንፈልጋቸው ጨቅላዎች በዛ መጠይቅ አይታዩም። እነሱን የሚያሳየው የእናትየዋ ካርድ ነው።

ቤተሰቦችንም ከረቂቁ በኋላ ሳይሆን ሲረቀቅ ነው የምንጠራው፣ ትራንስፖርትና ልጅ የሚይዝ ሰው አዘጋጅተን፣ ያለዛ የሚመጣው የሚችለው ብቻ ነው።

እናትየዋ የዛን ቀን ስንወጣ ስለ አንቀጹ አልጠየቀችኝም። ልጇ አሁን አራት ዓመቱ ነው፣ መዋዕለ ሕጻናት ልታስመዘግበው ሄዳ ሌላ ማስረጃ አምጪ ተብላለች፣ የጤናው ወረቀት እነሱ ጋ አይሠራም ተብሎ። እኛ ረቂቁ ላይ ስለ ጤናው ክፍል ስንከራከር ልጁ ወደ ትምህርት ሲሻገር ማን እጁን እንደሚይዘው የሚናገር አንድም መስመር የለም። አሜሪካ ግን ልጁ ሦስት ዓመት ከመሙላቱ ቢያንስ 90 ቀን በፊት የሽግግር ዕቅድ ይዘጋጅለታል፣ የሚልከውም የሚቀበለውም ይታወቃል። የሚቀጥለው አስተያየታችን እሱ ላይ ነው፣ ከሚጽፉት ሰዎች አንዷ እሷ ነች፣ የመዋዕለ ሕጻናቱን ቅጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋ ልካልናለች፣ ማስረጃ የሚሉት ቦታዎች ሁሉ በቀይ ተከበዋል።