መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን አሳዩኝ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ፎቶ ላከልኝ። የሂትኪት ዲኤክስ-100፣ የድሮ አማተር ራዲዮ ማሰራጫ ነው። ፊቱ ተወልውሏል፣ ማዞሪያዎቹ ያብረቀርቃሉ፣ የሜትሩ መስታወት እንኳን አልተጫረም። «ጋሼ፣ ልግዛው?» ይላል። «ክዳኑን አስከፍትና ውስጡን አንሳልኝ» አልኩት። ሻጩ እምቢ አለ። «ይሠራል፣ ምን አስጨነቃችሁ?» አለ አሉ። ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ነው። ልጁን ተወው አልኩት።

የድሮ አማተር ራዲዮ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይ በኤ.ኤም (የሞገዱን ጉልበት በድምፅ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ስልት) ማውራት ለሚፈልግ፣ ሁልጊዜ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። ከሁሉ በፊት ሞዱሌሽን ትራንስፎርመሩን፣ የድምፁን ኃይል ወደ ሞገዱ የሚያሻግረውን፣ እዩ። ቲዩብ (አምፖል የሚመስለው የድሮ ማጉያ) ይገኛል። ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚው) አዲስ ይገባል። ሽቦ ይቀየራል፣ ሳጥን ይቀባል። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ግን ልኩ የሆነውን ሱቅ ገብቶ መግዛት የለም። ወይ ሌላ የሞተ ማሰራጫ ፈልጎ ከእሱ መንቀል ነው፣ ወይ የሚጠመጥም ሰው መለመን።

ለምን እንዲህ ወሳኝ እንደሆነ ሒሳቡን ልንገራችሁ። ዲኤክስ-100 መጨረሻው ላይ ሁለት 6146 ቲዩቦች አሉት። ወደ 750 ቮልት ገደማ ይሰጣቸዋል፣ 200 ሚሊአምፔር ገደማ ይጠጣሉ። ሲባዛ 150 ዋት ይሆናል። በኤ.ኤም ይህን ኃይል በድምፅ ሙሉ በሙሉ ለመቅረጽ የግማሹን ያህል የድምፅ ኃይል ያስፈልጋል፤ 75 ዋት መሆኑ ነው። ስለዚህ ማሰራጫው ሆድ ውስጥ ሌላ ራሱን የቻለ ትልቅ አምፕሊፋየር ተቀምጧል ማለት ነው። እሱን የሚሠሩት ሁለት 1625 ቲዩቦች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ራዲዮ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ ገበያው በእነሱ ተጥለቀለቀ።

የእነዚህ የ1625ዎች ጉልበት ወደ 6146ዎቹ የሚደርሰው በትራንስፎርመሩ በኩል ነው። ድምፃችሁ ከፍ ሲል 750ው ላይ ይደምራል፣ ሲገለበጥ ይቀንሳል። ሙሉ ሞዱሌሽን ላይ ቮልቴጁ ወደ 1500 ይወጣል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በሰከንድ መቶዎችና ሺዎች ጊዜ። ይህን ሁሉ የሚችለው በወረቀትና በቫርኒሽ የተለየ የመዳብ ሽቦ ነው። ዕድሜው ደግሞ የብዙዎቻችሁን አባቶች ዕድሜ ያህላል። ማሰራጫው ወደ 45 ኪሎ የሚመዝነውም በዚህና በኃይል ትራንስፎርመሩ ምክንያት ነው። ብቻችሁን አታንሱት፣ ወገባችሁ ይታዘባችኋል።

ትራንስፎርመሩን የሚገድለው በአብዛኛው ዕድሜ ሳይሆን ሰው ነው። አንቴና ሳይሰካ ማይክሮፎን ላይ ይጮሃል። ወይም 6146ዎቹ ሞተው ምንም ከረንት ሳይስቡ እሱ «ሀሎ፣ ሀሎ» ይላል። የድምፁ ኃይል መድረሻ ሲያጣ ቮልቴጁ እየወጣ ሄዶ ኢንሱሌሽኑን (ሽቦዎቹን የሚለየውን ሽፋን) ይበሳዋል። አንዴ ከተበሳ ያ ቦታ ካርቦን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በትንሽ ቮልቴጅም እዚያው ላይ ይተኩሳል። እየተሰራጨ የድምፅና የሞርስ መምረጫውን ማዞርም እንደዚሁ ነው። ብዙ ጥሩ ዕቃ በዚያች ማዞሪያ ሄዷል።

እንዴት ይፈተሻል? መጀመሪያ በአፍንጫ። ትንሽ ተጠግታችሁ አሽትቱ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው ዓመታት ቢያልፉም አይለቅም። ቀጥሎ ከሥሩ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ጨርቅ የለበሱት የመውጫ ሽቦዎች ሲነኩ የሚሰባበሩ ከሆነ ገና አትወዝውዟቸው።

ከዚያ ከሰርኪዩቱ ለዩትና ቴስተር ያዙ። ወደ 1625ዎቹ የሚሄደው ጥምጥም መሐል ላይ አንድ መውጫ አለው። ከመሐሉ ወደ ሁለቱ ጫፎች ስትለኩ ሁለቱ ንባቦች ይቀራረባሉ። ልክ እኩል አይሆኑም፤ በላይ በኩል የተጠመጠመው ግማሽ ዙሩ ሰፊ ስለሆነ ሽቦው ይረዝማል፣ ስለዚህ ንባቡ ትንሽ ይበልጣል። ይህን አይተው «ተበላሽቷል» የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው። ከጥምጥሙ ወደ ብረቱ ግን ምንም መነበብ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይረካል። እኔ አልረካም። ቴስተር የሚልከው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ በ1000 ቮልት የሚተኩስ ቀዳዳ በሦስት ቮልት አይታይም። የኢንሱሌሽን መለኪያ መዋስ ይሻላል፣ 500 ወይም 1000 ቮልት የሚሰጠውን። ቀጥሎ ወደ 6146ዎቹ በሚሄደው ጥምጥም ላይ ጥቂት ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ከረንት) ስጡና በሌላው በኩል ሁለቱን ግማሾች ለኩ። እኩል ከወጡ ጥሩ ነው። አንደኛው በግልጽ ካነሰ ውስጡ እርስ በርስ የተነካካ ዙር አለ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሻጩ ሩብ ሰዓት ካልሰጣችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ትራንስፎርመር ፍለጋ መንከራተት ለማይፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የወጣው የሂትኪት ዲኤክስ-60 ሞዱሌሽን ትራንስፎርመር የለውም። አንድ 6146 ብቻ ነው ያለው፤ ድምፁ የሚገባው በስክሪን ግሪዱ፣ በቲዩቡ ውስጥ ካሉት መረቦች በአንዱ፣ በኩል ነው። ቀላል ነው፣ ጠረጴዛ አያጎብጥም። ዋናው ሞገድ ከድምፃችሁ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል የሰሚው ሜትር ይዘላል። «ይሄ እውነተኛ ኤ.ኤም አይደለም» የሚሉ አሉ። ለጀማሪ ግን እኔ አሳምሬ እመክረዋለሁ። በመካከል ላይ የጆንሰን ቫይኪንግ ሬንጀር አለ፤ የ1954 ዕቃ ነው፣ አንድ 6146 በሁለት 1614 ቲዩቦች የሚቀረጽ። ድምፁ ያምራል፣ መጠኑም ልከኛ ነው። ዕድል ከቀናችሁ እሱን ያዙ።

ስለ መጀመሪያው ማብራት ብዙ ተጽፏልና ባጭሩ ልለፈው። የኃይል ኤሌክትሮላይቲክ ኮንደንሰሮችን ቀይሩ። በወረቀት የተሠሩትን ባለ ሰም ኮንደንሰሮችም እንደዚሁ። ሁለት እግር ብቻ ያለውን ገመድ አውጥታችሁ ግራውንድ ባለው ተኩ፣ ፊውዝ አስገቡ። ከመስመሩ ጋር በተከታታይ የድሮ አምፖል አስገብታችሁ አብሩት፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። በቫሪያክ (የመስመሩን ቮልቴጅ በሚያሳድገውና በሚቀንሰው) ቀስ እያልኩ አነሳዋለሁ የምትሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቲዩብ ሬክቲፋየር (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ቲዩብ) ያለው ማሰራጫ ፊላመንቱ በቂ ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ከፍተኛውን ቮልቴጅ አይሰጥም። ስለዚህ ቫሪያኩን ግማሽ ላይ አድርጎ ሰዓት መቁጠር ኮንደንሰሩን ምንም አይጠቅመውም።

750 ቮልት ቀልድ አያውቅም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሩ ውስጥ ይቆያል። ቀስ ብሎ እንዲያፈስሰው የተቀመጠው ሬዚስተር ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ መንጠቆ አስራችሁ፣ መንጠቆውን በወፍራም ሽቦ ከሻሲው ጋር አገናኙ። ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ኮንደንሰሩን በእሱ ንኩት፤ ደግማችሁ ንኩት። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ይህን ልምድ ያላደረገ ሰው ቲዩብ ያለው ዕቃ አይግዛ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ደስታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማሰራጫውን ማስተካከል ራሱ ሥራ ነው። ሜትሩን ፕሌት ከረንት (6146ዎቹ የሚስቡት) ላይ ታደርጉና ኃይል ትሰጡታላችሁ። መርፌው ቀኝ ጥግ ይሄዳል። የፕሌት ማዞሪያውን ቶሎ ብላችሁ ታዞራላችሁ። መርፌው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርስና ተመልሶ መውጣት ይጀምራል። ያ ዝቅተኛው ቦታ ነው የሚፈለገው። ከዚያ የጭነት ማዞሪያውን (ወደ አንቴናው የሚሄደውን ኃይል የሚወስነውን) ትንሽ ትከፍታላችሁ፣ መርፌው ይነሳል፣ እንደገና ዝቅ ታደርጉታላችሁ። እንዲህ እየተባለ 200 ሚሊአምፔር ላይ ይደረሳል። ከተዘናጋችሁ የ6146ዎቹ ፕሌት እንደ ፍም ይቀላል። ክዳኑ ቀዳዳ ስላለው ታዩታላችሁ፤ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ በጣም ታዩታላችሁ።

ማይክሮፎኑን በተመለከተ አስታቲክ ዲ-104 የሌለው የኤ.ኤም ሰው ብዙም አልገጠመኝም። ከ1933 ጀምሮ የነበረ ነው። ውስጡ ያለው ክሪስታል ጨው ነው፣ የሮሼል ጨው የሚባለው። እርጥበትና ሙቀት ይገድለዋል። ድምፁ ከቀጠነባችሁ ግን ሞተ ብላችሁ አትቸኩሉ። ይህ ማይክሮፎን ብዙ ሜጋኦም ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ ባነሰ ሬዚስታንስ ላይ ከሰካችሁት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ብዙ ደህና ክሪስታል በዚህ ሰበብ ተጥሏል።

በኤስ.ኤስ.ቢ (ዋናውን ሞገድ ትቶ የድምፁን አንድ ክንፍ ብቻ በሚልከው ስልት) የሚያወሩ ወዳጆቼ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ያን ሁሉ ኃይል ለምን ታባክናለህ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሙሉ ሞዱሌሽን ላይ እንኳን ከጠቅላላው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ምንም መልእክት የማይሸከም ሞገድ ነው። እኛ 6 ኪሎኸርዝ የምንይዝበትን ንግግር እነሱ በ3 ይጨርሱታል። ኮሊንስ የሚባለው ኩባንያ በ1957 የኤስ.ኤስ.ቢውን ኬደብሊውኤም-1ን፣ በ1959 ደግሞ ኬደብሊውኤም-2ን ሲያወጣ ማሰራጫና መቀበያው በአንድ ትንሽ ሳጥን ገቡ። የኛ ብረት ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሒሳቡን ተሸንፈናል፣ አልከራከርም።

ግን መቀበያ ፊት ተቀምጣችሁ ስሙት። የኤ.ኤም ሰው ማሰራጫውን ሲከፍት፣ ገና ቃል ሳይናገር፣ የባንዱ ጫጫታ ጸጥ ይላል። ሞገዱ ቀድሞ ስለሚደርስ መቀበያው ራሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ሰውየው ይተነፍሳል፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ከዚያ ያወራል። መቀበያው መቶ ሁለት መቶ ኸርዝ ቢዛነፍ እንኳን ድምፁ የሰው ድምፅ ነው። ኤስ.ኤስ.ቢ ላይ ያን ያህል ብትዛነፉ ሰውየው ዳክዬ መሆን ይጀምራል። ዛሬ በኮምፒውተር ስክሪን ባንዱን የሚያዩ ሰዎችም ወዲያው ይለዩናል፤ መሐል ላይ ቀጥ ያለ ደማቅ መስመር፣ ግራና ቀኝ ሁለት ተመሳሳይ ክንፎች።

አወራሩም ሌላ ነው። ማሰራጫውና መቀበያው ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ናቸው። ተራ ለመቀያየር ማብሪያ ይመታል፣ ሪሌይ ይንኳኳል። ስለዚህ ማንም እየተቆራረጠ አያወራም። አንዱ ከያዘ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር ይዘልቃል። እናንተ ወረቀት ላይ ነጥብ እየያዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ተራችሁ ሲደርስ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ አዲሱ ቲዩቡ፣ ስለ ልጁ ሠርግ አንድ በአንድ ትመልሳላችሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሌላ ባንድ ይፈልግ። በአሜሪካ ይህ ወግ ጎልቶ የሚሰማው 3.885 እና 7.290 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። እዚያ ከ1990 ጀምሮ ገደቡ የሚለካው በጫፍ ኃይል (ድምፁ ሲጎላ በሚደረስበት ከፍተኛ ኃይል)፣ በ1500 ዋት ነው። የኤ.ኤም ጫፍ የሞገዱ አራት እጥፍ ስለሆነ ሞገዱ 375 ዋት ላይ ይቆማል። ለዲኤክስ-100 ይህ አያሳስብም፤ 100 ዋቱ ጫፉ ላይ 400 ነው።

በመቀበያ በኩል እኔ የሃማርሉንድ ኤችኪው-129ኤክስ ሰው ነኝ። የብሮድካስቱን ባንድ ጨምሮ እስከ 31 ሜጋኸርዝ ድረስ ይሄዳል፣ ማዞሪያው እንደ ቅቤ ነው። እስኪሞቅ ድረስ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል። ቀድማችሁ አብሩት።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። አሁን አሁን የድሮ ማሰራጫ ያገኘ ሁሉ የድምፁን ክፍል አፍርሶ «የብሮድካስት ጥራት» ሊያደርገው ይነሳል። የማጣመሪያ ኮንደንሰሮቹን በትልልቅ ይተካል፣ ፊልተሩን ይነቅላል፣ ወፍራም ድምፅ አወጣሁ ብሎ ይኮራል። እነዚህ ዕቃዎች የተሠሩት በግምት ከ300 እስከ 3000 ኸርዝ ላለው ንግግር ነው። ወፍራሙን ድምፅ ጨምራችሁ ስትልኩበት የትራንስፎርመሩ ብረት በማግኔት ይጠግባል፣ ይሞቃል። ቀጭኑን ስትጨምሩ ደግሞ የምትይዙት ቦታ ይሰፋል። እኔ ለደኅንነትና ለዕድሜ የሚያስፈልገውን እቀይራለሁ፣ ሌላውን እተዋለሁ። ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ሞገዱ ታች ዜሮ ነክቶ እንዳይቆረጥ አያለሁ፤ ከተቆረጠ ድምፁ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ላይ ይረጫል። ከዚህ በላይ ሰፊ ድምፅ የሚፈልግ ሰው እኔን ሳይሆን ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶቹን ያስፈቅድ።