የባጃጅ መሪን አጥብቆ መያዝ ያስከፈለኝ ዋጋ

ጅማ ውስጥ ባጃጅ ለመንዳት ያሰበ ሰው፣ በተለይም እንደ እኔ ብስክሌት እንኳ ነድታ የማታውቅ ሴት፣ ይህን ብታነብልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ የእናቴ እጅ ባልተሰበረ ነበር።

ሥልጠናው ብዙ የሚወራለት አይደለም። የመንገድ ምልክቶችን አጠናሁ፤ በግራ እጅ ፍሪሲዮን ጨብጦ ማርሽ መቀየርን፣ በቀኝ እጅ ነዳጅ መስጠትን፣ በቀኝ እግር ፍሬን መያዝን በጥቂት ቀናት ለመድኩ። መሪው በተወዛወዘ ቁጥር አሠልጣኙ «አጥብቀሽ ያዢው!» ይለኝ ስለነበር ክንዴ እስኪዝል እጨብጠው ነበር። ፈተናውም በደልዳላ ሜዳ ላይ ባዶ ባጃጅ በምልክቶች መካከል አዙሮ ማሳየት ሲሆን፣ ፈታኙ ከጥላው ሥር ሳይነሣ ማለፌን ነገረኝ። ሰው ጭኜ ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደምታጠፍ የጠየቀኝ የለም። ባዶዋን እንድትሄድ ባጃጅ የሚገዛ ሰው እንደሌለ እያወቁ በዚህ ብቻ መንጃ ፈቃድ መስጠታቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፈቃዴን ባወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ በነሐሴ፣ እናቴንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን ለለቅሶ ጂሬን አደረስኳቸው። ጂሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነውና መንገዱ ከከተማው ወደ ላይ ይወጣል። ዳገቱን ስንወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ አይረግጥም፤ መሪውም እጄ ላይ ቀለለኝ። ያ ቅለት ማስጠንቀቂያ መሆኑን ስላላወቅሁ የለመድኩ መሰለኝ።

ስንመለስ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ፍጥነቴ እንደበዛ ስለተሰማኝ ፍሬኑን ረገጥኩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ባጃጅ ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሸክሙ የሚወድቀው በፊተኛው ቀኝ ጥግ ላይ ነው። መኪና በዚያ ጥግ ጎማ አላት፣ ባጃጅ ግን የላትም። የግራው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሣ። በድንጋጤ፣ ደግሞም እንደተማርኩት፣ መሪውን ጨመደድኩት፤ የጨመደደው ቀኝ እጄ ግን የነዳጁን መያዣ አብሮ አዞረው። በአየር ላይ ያለው ጎማ በባዶ ሲሽከረከር ሞተሩ ጮኸ፤ ባጃጇም ቀስ ብላ በቀኝ ጎኗ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተኛች።

በቀኝ በኩል የተቀመጠችው እናቴ ነበረች። አላፊ አግዳሚው ተረባርቦ ባጃጇን ሲያነሣ፣ ነጠላዋ በቀይ ጭቃ ተነክሮ፣ የቀኝ እጇን አንጓ በግራ እጇ ደግፋ «አይዞሽ ልጄ» አለችኝ። እጇ ስድስት ሳምንት በጀሶ ከረመ። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ክፉ አላገኛቸውም፤ እኔ ግን ወር ሙሉ ቁልፉን አልነካሁም።

መንዳት በእውነት የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ ጋሼ እያልኩ ከምጠራቸው አንድ የሰፈራችን አንጋፋ ሹፌር ነው። መጀመሪያ ሦስት ማዳበሪያ አሸዋ ሞልተው ከኋላ ጫኑልኝና እሑድ በማለዳ ባዶ ሜዳ ላይ አለማመዱኝ። «እያወራሽ ንጂ» ይሉኝ ነበር፤ ዝም ስል እጄም እንደሚደርቅ ያውቃሉ። አንድ ቀን ጭቃው ላይ አስወርደው የጎማዎቹን ፈለግ አሳዩኝ፤ ሦስት መስመር ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ደግሞ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ጥጉ ገብቶ ቆርጦ አልፏል። የመኪና ሹፌር ጉድጓድን በሁለት ጎማዎቹ መካከል አድርጎ ያልፋል፤ በባጃጅ እንዲህ ካደረግሽ የፊት ጎማሽ እዚያው ይገባል። ስለዚህ ጉድጓዱን የማሳልፈው በፊት ጎማና በአንዱ የኋላ ጎማ መካከል ነው።

አሠልጣኞች የሚሉትን ቢሉም መሪውን አጥብቃችሁ አትያዙት። መዳፋችሁ ይረፍበት፣ ክርናችሁ ይላላ፣ ዓይናችሁም ከፊት ጎማው ላይ ተነሥቶ ወደምትሄዱበት ይመልከት። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው፤ ከገባችሁ በኋላ ነዳጁን በስሱ ያዙት እንጂ ፍሬን አትርገጡ። ከባዱን ተሳፋሪ መካከል ላይ አስቀምጡ፤ ቅር ቢለውም ይቀመጥ። «ቀኝ ዳርሽን ይዘሽ ሂጂ» የሚለውንም ምክር ቃል በቃል አልቀበለውም፤ የአስፋልቱ ጠርዝ በዝናብ ተበልቶ የተሸረሸረባቸው ቦታዎች ስላሉ የኋላ ጎማ ከዚያ ሲወርድ ባጃጇ ትዘማለች። እኔ በቀኝ መስመሬ ላይ ሆኜ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እገባለሁ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ የሚነፋም ይታገሠኛል።

አሁን ከመርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው፣ በክረምትም ቢሆን፣ ሰው ጭኜ ያለ ስጋት እመላለሳለሁ። እናቴም በከተማው ውስጥ ትሳፈርልኛለች። ከጂሬን ስንመለስ ግን ከዚያች ኩርባ በፊት ትከሻዬን ነካ ታደርገኛለች፤ አቆምላታለሁ፣ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። አልለምናትም። ኩርባውን አልፌ ከታች ቆሜ እጠብቃታለሁ።