የኪስ ደብተሬ፦ ሦስተኛው ወር

ጥቅምት 1 ቀን ስጀምር ለራሴ የሰጠሁት ሥራ ቀላል ነበር፤ እዚህ ጎንደር ከቤት ወጥቼ እስክመለስ መንገድ ላይ ካየሁትና ከሰማሁት አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር በኪስ ደብተር መያዝ። በቀን አንድ ብቻ። ዛሬ ሦስት ወር ሞላው፤ 71 ገጽ ጽፌያለሁ። የቀሩት ቀናት ባዶ ናቸው፤ አልዋሽም።

የመጀመሪያውን ወር መልሼ ሳነብ ግን አፈርሁ። ገጹ ሁሉ «የሚገርም ነገር አየሁ» ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን የለም! መገረሜን ጽፌ ያየሁትን ረስቼዋለሁ። ከሁሉ የባሰው የጥቅምት 14ቱ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ስመለስ አንድ ጎልማሳ ግድግዳ ተደግፎ እንባውን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አየሁ። ቆም ብዬ ግማሽ ገጽ ሞላሁ፤ ስለ ሐዘን፣ ስለ ወንድ ልጅ እንባ፣ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ስላለማየቱ። አይዞህ ልለው ጠጋ ስል ማስነጠስ ያዘኝ። ለካ የተደገፈው የወፍጮ ቤት ግድግዳ ነው፤ ውስጥ በርበሬ ይፈጫል። «ወንድሜ፣ ራቅ በል፤ እኔስ ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው» አለኝ፣ እንባው እየወረደ እየሳቀ። ገጹን ሰረዝሁት፤ አልቀደድሁትም።

ከዚያ ወዲህ ግምት የለም፤ ሰው የተናገረው ቃል በቃሉ ይጻፋል አልሁ። ይህ ደንብ የጠቀመኝ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በምመጣበት ታክሲ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት እግሯ የታሰረ ዶሮ ታቅፈዋል። መንገድ ላይ ዶሮዋ አንዴ ጮኸች፤ ነጠላቸውን ገለጥ ቢያደርጉ እንቁላል! መኪናው በሳቅ ተሞላ። ረዳቱ ብር እየቆጠረ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ «እማማ፣ አንድ ሰው ጨምረዋል፤ ሒሳብ» አለ።

«ከአባቱ ተቀበል፤ ገበያ ቀርቷል» አሉት።

ይህኔ እኔ ስልኬን አወጣሁ። እሳቸው እንቁላሉን ሸፈኑ፤ ፊታቸውም አብሮ ተዘጋ፤ ሳቁ ቆመ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ከኪስ አይወጣም። ፒያሳ ወርጄ፣ ጣልያን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ጎንደርን ይዞ በቆየበት ዘመን ከሠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ በረንዳ ቆሜ፣ የረዳቱንና የእናትየውን ንግግር ብቻ ጻፍሁ። አራት መስመር ነው፤ ከደብተሩ ሁሉ የምወደው ገጽ እሱ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ቦታ ጃንተከል ነው። ዋርካው ጥላ አለው፤ ለፋሲል ግቢ ቅርብ ስለሆነ እንግዳውም የአገሬውም ሰው ያልፋል። እንግዳው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ግንብ ፎቶ ያነሳል፤ እኔ ለግንቡ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ይቅር ይበለኝ እንጂ እሱ የትም አይሄድም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ አንዲት ሴት እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በዋጋ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ሲከራከሩ የሰማሁትን ስጽፍ ገጹ ላይ ጥላ አረፈበት። ቀና ብል የአብነት ተማሪ ነው፤ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደበሎ ለብሷል፣ አኩፋዳውን ትከሻው ላይ አንግቷል። የሚለምነኝ መስሎኝ ኪሴን ዳበስሁ። (ግምት የለም ያልሁት እኔው ነኝ እንግዲህ።) ዓይኑ ግን ከደብተሩ አልተነሳም።

«ጋሼ፣ ሥላሴ ሲጻፍ የመጀመሪያው በንጉሡ ሠ ነው፤ የመጨረሻው በእሳቱ ሰ።»

ሁለቱንም በእሳቱ ጽፌው ኖሯል። በዱላው ጫፍ አፈሩ ላይ ክንድ የምታህል «ሥ» ጽፎ አሳየኝ። ገና ሳንጨርስ አንድ ባጃጅ መጥቶ ላይዋ ቆመባት።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «አስተካከሉት?» አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። ሥላሴን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም ሳልፈቅድለት ወደ ኋላ እየገለበጠ የጥቅምት 14ቱ ጋ ደረሰ። የተሰረዘውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ምን ይል ይሆን እላለሁ። ጣቱን አንዲት ቃል ላይ አሳረፈ።

«ሐዘን በሐመሩ ሐ ነው» አለ።